ወደ ጀልዴሳ ይሄዳል የተባለው መኪና

በስታትስቲክስ ተመርቄ ድሬዳዋ ከተመለስኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የምንኖረው ሳቢያን ሰፈር ነው፤ እናቴ ካረፈች በኋላ እኔና አባቴ ብቻ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ መርፌው ላይ ክር የማስገባው እኔ ሆንኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ የነበረኝ ቋሚ ሥራ እሱ ነው።

መጀመሪያ ጎረቤት መፍራት ጀመርኩ። «እስካሁን አላገኘሽም?» የምትለኝን ሴትዮ ላለማግኘት ባጃጆቹ የሚቆሙበትን መንገድ ትቼ በጓሮ በኩል እዞራለሁ። ከዚያ ስልክ መፍራት መጣ። ሲጠራ ልቤ ይዘላል፤ ሳይጠራ ሲውል ደግሞ ይብሳል።

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ሁሉ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። «በዜሮ ዓመት» የሚል የተገኘ ቀን ሰልፉ አጥሩን ይዞራል። አንድ ጊዜ የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ ቃለ መጠይቅ ደረስኩ። ሶማሊኛና ኦሮምኛ መጻፍ እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። የድሬ ልጅ ነኝ፤ በሁለቱም ገበያ እከራከራለሁ፣ የሰደበኝንም እመልስለታለሁ፤ መጻፍ ግን አልተማርኩም። ጠያቂው ወረቀቴን አጥፎ «እናመሰግናለን» አለ። ስወጣ ዘበኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ውስጥ ሰው አለሽ?» አለኝ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው ጸልዪ፣ ልጄ።»

አንድ ረቡዕ ጠዋት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። የተረጋጋ የጎልማሳ ድምፅ ነው። ስሜን ከነአባቴ ያውቃል፣ ምን እንደተማርኩም ያውቃል። ከድሬ ወጣ ብላ ያለችው ጀልዴሳ ላይ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ድርጅት መረጃ ሰብሳቢዎች እየቀጠረ ነው፤ ስልጠናው ሦስት ቀን ነው፤ ነገ ዋናውን ዲግሪ ይዘሽ ነይ አለኝ። ስሜን ከየት እንዳገኘው አልጠየቅኩም። ስንት መዝገብ ላይ ስልኬን ጽፌአለሁ።

አባቴ ግን ጠየቀ። «ቢሮአቸው የት ነው?»

«መኪናው ዋናው መንገድ ላይ ይወስደናል።»

«ቢሮ የሌለው ድርጅት ምን ዓይነት ድርጅት ነው?»

«አባዬ፣ ይሄም ካመለጠኝስ?»

ከሰዓት በኋላ ሸሚዜን ተቀብሎኝ በሁለቱም ጎን አጠበበልኝ። ከስቼ ነበር።

በነጋታው መጋረጃ ያለው ሚኒባስ መጣ። ስድስት ሴቶች ነን። ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴትዮ ሰርተፍኬታችንን ሁሉ «ለማመሳከር ነው» ብላ ሰብስባ ፌስታል ውስጥ ከተተችው። ዲግሪዬን ጥቂት ይዤ ቆየሁ፤ ግን ሁሉም ሰጡ፣ እኔም ሰጠሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ቀጭን ናት፤ ነርስነት ተምራ ከደጋ እንደመጣች፣ ድሬን ስታይ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነገረችኝ። ደስ ብሏታል።

መኪናው መታጠፍ በነበረበት ቦታ አልታጠፈም። መልካ ጀብዱ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ቀጠለ። ድሬ ያደገ ሰው ጀልዴሳ በየት በኩል እንደሆነ አይጠፋውም።

«ጀልዴሳ በዚህ አይደለም» አልኩ።

ሴትዮዋ ዞር ሳትል «በዚህ በኩል የምናሳፍራቸው ሰዎች አሉ» አለች። ትንሽ ቆየችና «ስልካችሁን አምጡ፤ ስልጠና ላይ ስልክ አይፈቀድም» አለች። እኔ የራሴን ሸሚዜ ውስጥ ሸጎጥኩ።

በዚህ በኩል ወደ ጅቡቲ ድንበር እንደሚኬድ አውቃለሁ። በደላላ ወደ ዓረብ አገር የሄዱ ልጆችንም አውቃለሁ። አጠገቤ ያለችው ልጅ «ምን ሆነሻል?» ብላ አንሾካሾከች። በመጋረጃው ጠርዝ መንገዱን ማየት ቀጠልኩ።

መልካ ጀብዱ ስንደርስ ሾፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ቆመ። «ሽንት ቤት» አልኩ።

«ታገሺ» አለች ሴትዮዋ።

«የወር አበባዬ ነው። መቀመጫውን አበላሸዋለሁ።»

ሾፌሩ አፍሮ ፊቱን አዞረና «ልቀቂያት፣ ልቀቂያት» አላት። የልጅቷን እጅ ያዝኩና «እሷ ትርዳኝ» ብዬ ጎትቼ አወረድኳት። በግማሽ ሩጫ መንገድ ዳር ያለ ሱቅ ውስጥ ገባን።

ባለሱቋ ሶማሊኛ ተናጋሪ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። «አባዮ» አልኳቸው፣ እህቴ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቃል ሁሉ ጠፋኝ። እኔን አዩ፣ ሚኒባሱን አዩ። በእጃቸው ከዱቄት ጆንያዎቹ ጀርባ አመለከቱን፣ የብረት በሩን ገርበብ አደረጉና በርጩማ ስበው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

የሴትዮዋ ጫማ ኮቴ ሲቀርብ ሰማሁ። «ሁለት ልጆች ገብተዋል?»

«ወላሂ እዚህ ያለነው እኔና ዱቄቴ ነን» አሉ።

«ሲገቡ አይቻለሁ።»

ባለሱቋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጥላ ስር የተኙትን የጭነት መኪና ሾፌሮች በሶማሊኛ ተጣሩ። የሰዎች መነሳት፣ የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የሚኒባሱ በር ተዘጋ። አራቱን ሴቶችና ዲግሪዬን ይዞ ሄደ።

ባለሱቋ ውሃ ሰጡን። ልጅቷ ምን እንደተፈጠረ የገባት ያኔ ነው፤ ብርጭቆውን እንደያዘች ቁጭ ብላ ቀረች። ከዚያ ባጃጅ ጠርተው ፖሊስ ጣቢያ አስወሰዱን። ቃሌን የተቀበለው ፖሊስ የቀጠረኝን ሰውዬ ቁጥር ከስልኬ ወስዶ ደወለ፤ ተዘግቷል። «ታርጋውን ይዘሻል?» አለኝ። አልያዝኩም። መረጃ ልሰበስብ የሄድኩት እኔ አንዲት ቁጥር አልያዝኩም። እነዚያ አራት ሴቶች የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴ «ብዬሽ ነበር» አላለኝም። ለሳምንት ያህል ግን መኪና በደጃችን ባለፈ ቁጥር የስፌት መኪናውን እያቆመ ያዳምጥ ነበር።

ምትክ ዲግሪ ለማውጣት ወራት ፈጀብኝ። በእነዚያ ወራት በዜሮ ዓመት የሚቀጥር አንድ ማስታወቂያ ወጥቶ አመለጠኝ። አሁን እህል መጋዘን ውስጥ የሚገባና የሚወጣ ጆንያ እመዘግባለሁ። ውሌ በየወሩ ነው የሚታደሰው፤ ወር ሲያልቅ የመጋዘኑን ኃላፊ ፊት ማየት እፈራለሁ።

ልጅቷ ሁለት ቀን እኛ ጋ ሰንብታ አገሯ ተመለሰች። ከአራት ወር በኋላ ደወለችልኝ። ልትሄድ ነው፤ በዚያው መንገድ፣ «በሚታወቅ ሰው» በኩል።

«እዚያ መኪና ውስጥ አልነበርሽም እንዴ?» ብዬ ጮህኩባት።

«ነበርኩ» አለች፣ ረጋ ብላ። «አንቺ ቤት አለሽ፣ አባት አለሽ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ በየቀኑ የእናቴን ፊት እስከ መቼ ልይ?»

አትሂጂ አልኳት፤ ደጋግሜ አልኳት። «ቀርቼ ምን ልሥራ?» አለችኝ። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ብደውል አይጠራም።