ባለቤቴ፣ ውሻውና የበሩ መቀርቀሪያ

ውሻው ወደ ቤታችን የገባበትን ወር በትክክል አላስታውስም። ባለቤቴ ከመስቀል በኋላ ነው ትላለች፤ እኔ ግን መጀመሪያ በረንዳው ላይ ሳየው በክረምት ዝናብ ርሶ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ከሁለት አንዳችን ተሳስተናል፤ ምናልባትም እኔ። ያመጣችው ከአረብ አገር ተመልሳ ባሕር ዳር የምትሠራው ልጃችን እንደ ሆነች ግን አያጠራጥርም። እዚያው ባሕር ዳር አሠሪዋ የነበሩ የውጭ አገር ሰው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትተውላት የሄዱት የአደን ውሻ ነው፤ ነጭ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ አንድ አፍታ መቀመጥ የማይሆንለት። «ካልሮጠ ይታመማል» ብላን ሄደች።

በደብረ ታቦር ውሻ አጥር ይጠብቃል እንጂ ቤት አይገባም። ይህኛው በሳምንቱ ከባለቤቴ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተኛ። ይህንም ቻልሁት። መቻል ያቃተኝ የማለዳው ጉዞ ሲጀመር ነው።

ሐኪሙ ለስኳር ሕመሟ በየቀኑ እንድትራመድ ካዘዛት ቆይቷል። ያን ጊዜ «አብሬሽ እወጣለሁ» ብላት፣ «በአንቱ እርምጃ ከሄድንማ ስንመለስ ገብሱ ታጭዶ ይጠብቀናል» አለችኝ። ቃሉ የእርሷ ይሁን ወይስ እኔው በጉልበቴ የቀለድሁት፣ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። በእርግጥ የማውቀው ለእኔ ያልወጣችው ሴት ለውሻው መውጣቷን ነው። በየማለዳው ነጠላዋን አጣፍታ፣ ገመዱን ይዛ፣ ከከተማው በላይ ወዳለው ሜዳ ትሄዳለች። ፊቷ ወዝቶ ትመለስና ቁርስ ላይ የምታወራኝ ስለ እርሱ ነው፤ ቆቅ ሲያይ አንድ እግሩን አንሥቶ እንዴት ድርቅ ብሎ እንደሚቆም።

«ይቅር ይበለኝና፣ ኪዳን ላይ የቆመ ዲያቆን ነው የሚመስለው!»

እኔን በትዳራችን ዘመን ሁሉ «አንቱ» ትለኛለች፤ ክብር ነው። እርሱን ግን «የኔ ጌታ» ትለዋለች። አንድ ቀን፣ «እኔንስ እንዲህ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?» አልኋት።

«አንቱም ቆቅ አይተው እግር ያንሡና እንላለን!» ብላ ሣቀችብኝ።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ማለዳ፣ ልትወጣ ስትሰናዳ ውሻው ከግቢው ጠፋ። የውጭው በር ገርበብ ብሎ ነበር። «ከበግ አጠገብ ካዩት በድንጋይ ይገድሉታል!» አለች። ከዘራዬን ይዤ ተነሣሁ። ከበሩ ስንወጣ ክንዴን ያዘች።

ወደ ጉና ተራራ በሚወስደው መንገድ፣ ያገኘነውን ሁሉ እየጠየቅን ረጅም ተጓዝን። ጉልበቴ አላመመኝም፤ ወይም አሞኝ ረስቼዋለሁ። እርሷ ታለቅስ ነበር። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ጎልማሳ ገበሬ ከገብስ ማሳው ዳር አስሮት አገኘነው።

«አባቴ፣ ይህ የአንቱ ነው?»

«የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው።»

«ምን ዓይነት ውሻ ነው እቴ! በጎቼን ሊበላ መጣ ብዬ ድንጋይ አንሥቼ ብጠጋው፣ እግሩን ሰቅሎ ቆመ። ብጮኽበት አይሰማ! ዛር የያዘው መስሎኝ ጠበል ልረጨው ነበር።»

ባለቤቴ እንባዋ ሳይደርቅ ሣቀች፤ ተንበርክካም አንገቱን አቀፈች። ክንዴን የለቀቀችው ያን ጊዜ ነው።

ስንመለስ፣ «መቀርቀሪያውን ማን ከፈተው?» አለችኝ።

«አላስታውስም» አልሁ።

«ይሁን፤ ዕድሜ ነው።»

አመነችኝ። መርሳቴ በሰፈሩ የታወቀ ነው፤ እዚህ የጻፍሁት ወርም ሆነ ቃል ሊሳሳት ይችላል። በዚያ ማለዳ የመቀርቀሪያው ብረት መዳፌ ላይ ያሳረፈው ቅዝቃዜ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በማግሥቱ ገመዱን ካነሣች በኋላ ዞር ብላ አየችኝ። «በሩን ከፍተው ይረሱታል፤ ከእኛ ጋር ይውጡ» አለችኝ። «ከእኛ» ነው ያለችው። ይህን በደንብ ሰምቻለሁ።

አሁን ሦስት ሆነን እንወጣለን። በአንድ እጇ ገመዱን፣ በሌላው ክንዴን ይዛ ስለ ልጃችን፣ ስለ ጓሮው ድንች ታወራኛለች። ከሣሩ ውስጥ ቆቅ ስትንኮሻኮሽ ውሻው እግሩን አንሥቶ ይደርቃል። ያን ጊዜ ወሬዋን ከመሐል ታቋርጣለች፤ እጇም ከክንዴ ላይ ቀስ እያለ ይላላል። እኔም ከዘራዬን ተደግፌ፣ ቆቋ ቶሎ እንድትበር እጠብቃለሁ።