ውኃው እስኪዘጋ

የሻወር ውኃ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር ፒዮሪያ ስትሪት ላይ የነበረው ጠባብ አፓርታማችን ይመጣብኛል። ታላቅ እህቴ ሰናይት የሚጥል በሽታ ነበረባት። ስለዚህ እናታችን የመታጠቢያ ቤቱን መቀርቀሪያ ነቅላ፣ እህቴ በታጠበች ቁጥር በሩ ሥር ወንበር አስጠግታ ትቀመጥ ነበር። ሰናይትም ውኃው እስኪዘጋ መዝፈን ነበረባት፤ ድምፅዋ ከጠፋ ወድቃለች ማለት ነው።

አንድ ቀን ዘፈኑ ተቋረጠ። እናቴ በሩን በርግዳ ገባች።

«ደህና ነኝ እኮ እማዬ!» አለች ሰናይት ከመጋረጃው ጀርባ። «የኮሌጅ ተማሪ ሆኜ እንኳ አንድ ቀን ዝም ብዬ ልታጠብ?»

«እኔስ አንድ ቀን ጆሮዬን ባሳርፍ ጠልቼ መሰለሽ?»

እናቴ በእርግጥ ይህን ስለማለቷ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ከዓመታት በኋላ እኔው ጨምሬላት ይሆናል። እህቴ ዘፈኗን፣ እናቴም ወንበሯን መቀጠላቸውን ግን አልጠራጠርም።

አሁን ሰናይት ሊትልተን ከተማ ከባሏ ጋር ትኖራለች፤ እናቴ ሞንትቤሎ ሰፈር እኔ ዘንድ ናት። እኔን ያ በሽታ ነክቶኝ አያውቅም። ሆኖም ዛሬ ጠዋት ገላዬን ስታጠብ በሩ ተንኳኳ።

«አንተ ልጅ፣ ምነው ዝም አልክ?»

ሳሙናውን እንደያዝኩ መዝፈን ጀመርኩ።