በሬዲዮ የተወራ ዶሮ ወጥ

ከሀርሺን ወደ ምሥራቅ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ አንድ ኮረብታ አለ። የአገሬው ሰው ያወጣለት ስም ይኖረዋል፤ እኛ ግን በካርታ ቁጥሩ ብቻ ነበር የምንጠራው። ጋንታችን እዚያ ላይ ምሽግ ቆፍራ ሰባት ወር ተቀመጠች። ዛፍ የለም። ውሃ ከጅጅጋ በቦቴ ይመጣል፤ ሲመጣ። ምግባችን ኮቾሮ ነበር። ይህን የሠራዊቱን ደረቅ ብስኩት ያልቀመሳችሁ ልጆች ካላችሁ፣ ጥርሳችሁን ይዛችሁ አመስግኑ።

እኔ የጋንታዋ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። ከእኛ በስተግራ ባለው ኮረብታ ላይ ስለሺ የሚባል የመርሐቤቴ ልጅ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በሬዲዮ ከሥራ ውጪ ማውራት ክልክል ነው። ጠላት ያዳምጣል። ይህን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን።

የፋሲካ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደ ልማዳችን «ሁሉም ሰላም» ተባባልን። መዝጋት ነበረብን። ስለሺ አልዘጋም።

«ምን በላህ?» አለኝ።

«ኮቾሮ።»

«እኔም። እስቲ እናትህ ዶሮ እንዴት እንደምትሠራ ንገረኝ።»

ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። ግን ፋሲካ ነው።

ፍቼ፣ እኛ ቤት፣ ስምንት ልጆች ነበርን። ዶሮው አንድ ነው። እናቴ አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ ለዐሥር ሰው ታዳርሰዋለች፤ ቅር ብሎት ከገበታ የሚነሳ አልነበረም። ለራሷ የምትወስደው ሁልጊዜ አንገቱን ነው። «አንገትን የሚያህል የለም» እያለች ስለምትበላው፣ ታናሽ ወንድሜ አንድ ዓመት አንገት ካልተሰጠኝ ብሎ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሰጠችው። ሲግጥ ሲግጥ ቆየና «እማዬ፣ ይሄ እኮ አጥንት ነው» አላት። እሷ ሳቀች። አባቴ አልሳቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ከራሳቸው ድርሻ፣ ከፈረሰኛው፣ እየቆረሱ ያጎርሷት ጀመር።

ይህን ሁሉ በሬዲዮ አላወራሁም። አሳጥሬ እንዲህ አልኩት፦ «አሥራ ሁለት ነው። ፈረሰኛው የአባቴ ነው፣ ማንም አይነካውም። ቀኝ ክንፍና ግራ ክንፍ ለትንንሾቹ። አንገቱን እናት ትይዛለች። እንቁላሉ የሚገባው በመጨረሻ፣ እሳቱ በረድ ሲል ነው።»

ስለሺ «ጠገብኩ» ብሎ ዘጋ።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሻምበላችን አስጠሩኝ። ንግግሬ በሙሉ በራሳችን አዳማጮች ወረቀት ላይ ተጽፎ ፊታቸው ተቀምጧል።

«ፈረሰኛ ከየት አመጣህ?» አሉኝ። «በዚህ ግንባር ፈረሰኛ ጦር የለም።»

«የዶሮ ነው፣ ጓድ ሻምበል።»

«አሥራ ሁለቱስ?»

«ብልቱ ነው።»

«አንገቱን የያዘችው እናት ክፍል የትኛዋ ነች?»

«እናቴ ናት፣ ጓድ ሻምበል። ወይዘሮ አስካለ።»

እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የምታቁላላው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ያለ ዘይት ነው።»

«የእኔም እንደዚያው ናት» አሉና፣ ሦስት ቀን ውሃ በጀሪካን ከግርጌ ወደ ምሽግ እንዳመላልስ ቀጡኝ።

ጠላት በዚያ ሳምንት ያጠቃል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ጥይት አንሶናል። አንድ ቀን አለፈ። ሁለት። አራት። አልመጡም። በአምስተኛው ቀን ጥይት የጫነች ኦራል መኪና ደረሰችልን።

በስድስተኛው ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። መጀመሪያ ሞርታር ወረደብን። ቀጥሎ እግረኛው። መትረየሳችን ሁለት ጊዜ ቆመ፤ ሁለት ጊዜ አስነሳነው። ሁለት ሰዓት ላይ ስለሺን በሬዲዮ ጠራሁት። አልመለሰም። ደግሜ ጠራሁት። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አጥቂዎቹ ወደ መጡበት አፈገፈጉ።

ከኮረብታው ግርጌ እግሩ የቆሰለ ምርኮኛ አገኘን። ዓብዲ ይባላል። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ሬዲዮአችንን ያዳምጥ የነበረው እሱ ነው። ቁስሉን ሳስርለት ድምፄን ለየው።

«ባለ ፈረሰኛው አንተ ነህ?» አለኝ። «አራት ቀን ሙሉ ፈረሰኛችሁን ስንጠብቅ ነበር። አዛዣችን ካርታ ዘርግቶ አንገት ሲፈልግ ሰነበተ። በመጨረሻ በሁለቱ ኮረብቶች መካከል ያለው ጠባብ መንገድ ነው ብሎ ግማሹን ጦር እዚያ ደፈጣ አስያዘው። እንቁላሉን ቦምብ ነው ብዬ የተረጎምኩለት እኔ ነኝ።»

«ዶሮ ወጥ ነው» አልኩት።

«ዶሮ?»

«የእናቴ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሕመሙ የጠናበት መስሎን ነበር፤ ለካ እየሳቀ ነው። «ጎረቤቶቻችን ሲሠሩ እሸተው ነበር። ብልቱን ግን ማን ነግሮኝ» አለ።

መኪና እስኪመጣ ኮቾሮ ሰጠነው። አንዴ ነክሶ መለሰልን። «የእኛም እንዲሁ ነው» አለ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ስለ እናቱ ያወራን ጀመር። የግመል ሥጋ በደቃቁ ቆርጣ፣ በቅቤ ጠብሳ፣ ሙቅማድ የሚሉትን ትሠራለች። ልጆቿ እንዳይጨርሱባት ዕቃውን በገመድ ታስረዋለች፤ ቋጠሮውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። «አንድ ጊዜ ታምሜ ተኝቼ ሳለ አፈታቱን ለእኔ አሳየችኝ» አለ። «ለወንድሞቼ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።»

መኪናዋ ወደ ጅጅጋ ወሰደችው። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ አላውቅም።

በኋላ ዶሮ ወጥ አዳነን የሚሉ ጓዶች ነበሩ። እኔ አልልም። ያን ያህል የዘገዩበት ሌላ ምክንያት ይኖራቸው ይሆናል።

በዚያን ቀን ከሁለቱ ኮረብቶች አራት ሰው ቀበርን። አንዱ ስለሺ ነው። አንድ ቀን እንዳጫወተኝ፣ እናቱ ለቂንጬው ቅቤ የምታበዛለት አባቱ ከቤት ሲወጡ ነበር። ሁለተኛው ሃምሳ አለቃ ግርማ ስለ እናቱ ዱባ ወጥ ሲያወራ ማንም እንዲያቋርጠው አይፈልግም ነበር። ሦስተኛው ላምቢሶ የእናቱን ቆጮ ከሌላው ጋር አወዳድሮ አይጨርስም፤ እኛም ሰምተን አንጨርስም ነበር። አራተኛው ተክሌ ነው። ዝምተኛ ነበር፤ ከመጣም ገና አሥራ አምስት ቀኑ ነው። እሱን ስለ እናቱ ማናችንም አልጠየቅነውም።