ወንዙ ሞልቶ ዋለ ሽማግሌ ሲልክ

ይህን ታሪክ ለሰው ካልነገርኩ ልፈነዳ ነው! በሰፈራችንማ ሁሉም ሰምቶታል፤ እኔ አፌን ስከፍት "አክሊሉ፣ ደግሞ ልትጀምር ነው?" እያሉ ይነሳሉ። እናንተ ግን አልሰማችሁም። ስለዚህ ቁጭ በሉልኝ።

የእኛ መንደር ጋሜላ ዳር ይባላል። ከጃጁራ ወደ ቆላው ወረድ ስትሉ ጋሜላ ወንዝ አለ፣ እሱን ስትሻገሩ እኛን ታገኙናላችሁ። እንሰታችን እስከ ውሃው አፍ ድረስ ነው፤ ክረምት ሲሆን ወንዙ መጥቶ ቅጠሉን ይልሰዋል። ወንዙ ቀን ከሌት ስለሚጮህ እኛም እንጮሃለን፣ ምን እናድርግ! ሆሳዕና ገበያ ወጥተን "ጨው አለ?" ስንል ባለሱቁ ልንደበድበው የመጣን ይመስለዋል። እናቴና አክስቴ አንዴ እዚያ ገበያ መሐል ስለ ጎመን ሲያወሩ ሰው ሮጦ መጥቶ ሊገላግላቸው ነበር።

ድልድይ የለንም። ዋለ አለን።

ዋለ ማለት ጀርባው እንደ በር የሰፋ፣ ሳቁ ከማዶ የሚሰማ፣ ሰው የሚያሻግር ነው። አባቱም ያሻግሩ ነበር፣ አያቱም። በጋሜላ ዳር ገበያ የሄደ፣ የታመመ፣ የተዳረ ሁሉ በዚያ ቤት ሰው ጀርባ ላይ ሆኖ ነው ወንዙን ያለፈው። ስለዚህ ዋለ ሰውን የሚያውቀው በመልኩ አይደለም፣ በክብደቱ ነው። "እትዬ አስናቀች፣ ከስተዋል፣ ምን ነካዎት?" ይላል ውሃው መሐል ሆኖ። አንዴማ የጎረቤታችንን ሚስት አሻግሮ ሲመለስ ባልየውን "እንኳን ደስ ያለህ" አለው። ባልየው ምንም አልሰማም ነበር! ሚስቱ ራሷ እንኳ ገና እየጠረጠረች ነበር። ልጁ ተወለደና ስሙን ዋለ ብለው ይጠሩት እንደሆነ ብዙ ተከራከሩ።

በዚህ ሁሉ ሰው መሐል ክብደቷን የማያውቃት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ጵርስቅላ።

ጵርስቅላ ቤቷ ከማዶ ነው፤ የአቶ ማቴዎስ ልጅ ናት። ወደ እኛ ሰፈር እየመጣች ከሴቶቹ ቅቤ ትሰበስብና ጃጁራ ገበያ ትሸጣለች። ቅቤውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ ራሷ ላይ አድርጋ፣ መዝሙር እየዘመረች ነው የምትሄደው። ስትሻገር ደግሞ ዋለ ወደሚቆምበት አትመጣም። ከላይ በኩል ድንጋዮች ያሉበት ጋ ሄዳ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በእግሯ ትገባለች! መጀመሪያ ቀን ዋለ ሮጦ ሄዶ ጀርባውን ሰጣት።

"ነይ ላዝልሽ።"

"ለምን? እግር የለኝም?"

እሷ ተሻግራ፣ ዳገቱን ወጥታ፣ መዝሙሩን ጨርሳ፣ ዋለ ገና እንዳጎነበሰ ነበር። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ጠፋ በሉት። አሻግር ሲሉት የተሻገረውን ሰው መልሶ ያመጣል። በነሐሴ እኛ ቤት መጣና "አክሊሉ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው" አለኝ።

"ወደ ማን?"

"ክብደቷን ወደማላውቃት።"

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፣ ከዚያ አቀፍኩት፣ ከዚያ እንደገና ሳቅኩ። ሠርግ በእኛ አገር መስቀል ካለፈ ነው፤ ስለዚህ ከመስቀል በፊት መጠየቅ አለበት። ሽማግሌዎች ተመረጡ። አንዱ ጋሼ ሳህሉ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፤ ውሸት ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፣ ሲጸልዩ ደግሞ ወጡ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛው አቶ ሰይፈሥላሴ፤ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ባርኔጣቸውን ሲተኙም የማያወልቁ፣ ዋለ "ኡፍ" የሚልባቸው ብቸኛ ሰው። ሦስተኛው አባቴ። አባቴ አይናገርም፤ የሱን ድርሻ ለእኔ ሰጥቶኛል።

እንግዲህ አንድ ሕግ አለ፣ እሱን ያዙልኝ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ በሚሄድበት ቀን ጠያቂው ራሱ ልጅቷ ደጅ አካባቢ አይታይም። ከታየ ነውር ነው። ጥያቄው ይፈርስና ሌላ ቀን እንደ አዲስ ይጀመራል።

ሳምንቱን ሙሉ ተመካከርን። ማን ይጀምር፣ ማን ይመርቅ፣ ምን ይለበስ። የቀጠሮው ቀን ደረሰና ወንዙ ዳር ወረድን። ወንዙ ሞልቷል፣ ቡናማ ሆኗል፣ ግንድ ይዞ ይሄዳል። አቶ ሰይፈሥላሴ ከዘራቸውን ተክለው "እሺ፣ ማነው የሚያሻግረን?" አሉ።

ሁላችንም ዋለን አየነው።

"እኔ ነኛ" አለ ዋለ።

"አንተማ ጠያቂው ነህ!" አሉ ጋሼ ሳህሉ። "አንተ ከታየህ ፈረሰ።"

"ታዲያ ማን ያሻግራችሁ?"

"እሱን እኮ ነው የምልህ!"

እስቲ አስቡት! የወንዝ ዳር ሰዎች ነን፣ ወንዙን የረሳነው! ትንሽ ከተጨቃጨቅን በኋላ አቶ ሰይፈሥላሴ መላ አመጡ፤ ዋለ ትልቅ የእንሰት ቅጠል ይከናነብ፣ ያሻግራቸው፣ ከዚያ ማዶ እንሰቱ ውስጥ ተደብቆ ይጠብቅ። እንደተባለው ሆነ። ከሩቅ ስታዩት እንሰት ባርኔጣ አድርጎ ወንዝ ይሻገራል።

አቶ ማቴዎስ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። እኔም ከአባቴ ኋላ ነበርኩ፤ እኔ ጠያቂ አይደለሁ፣ ማን ይከለክለኛል! ጋሼ ሳህሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ዝምድና ፈልገን መጣን" ሊሉ ሲሉ አቶ ማቴዎስ ቀደሟቸው።

"ሱሪያችሁ ደረቅ ነው። በዚህ ሙላት ማን አሻገራችሁ?"

ጋሼ ሳህሉ አይዋሹም፣ አልኳችሁ። ላብ አጠመቃቸው። "ጌታ አሻገረን" አሉ።

"በምን?"

"በፍጡሩ" አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ፣ ቶሎ ብለው።

በዚህ ጊዜ ከእንሰቱ ውስጥ "ሃጢሹ!" የሚል ድምፅ መጣ። የዋለ ማስነጠስ ደግሞ እንደ ሳቁ ነው፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ።

"ይማርህ፣ ፍጡሩ!" አሉ አቶ ማቴዎስ። ከጓዳ የሴት ሳቅ ሰማን። "በሉ፣ ዛሬ ፈረሰ። ሌላ ቀን ኑ።"

በሌላው ቀን ዋለ ቤቱ እንዲቀመጥ ተደረገ። ጥላዬ የሚባል የሰፈራችን ትግል ወዳድ "ጀርባ ለዋለ ብቻ ነው እንዴ የተሰጠው? እኔ አሻግራለሁ" ብሎ ደረቱን ነፋ። ከባዱን ላስቀድም ብሎ አቶ ሰይፈሥላሴን አዘለ። መሐል ሲደርስ ጉልበቱ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ሁለቱም ጠለቁ! ባርኔጣው ብቻ ለብቻው መንገዱን ቀጠለ። ከየት መጣ ሳይባል ዋለ ዘሎ ገባ፤ ቤቱ አልተቀመጠም፣ ዳገቱ ላይ ሆኖ ሲያይ ነበር። ጥላዬን በአንገቱ ይዞ ወደ እኛ ገፋው፣ አቶ ሰይፈሥላሴን ተሸክሞ ደግሞ ቅርብ ወደሆነው ዳር ወጣ። ቅርቡ ማዶ ነበር። እዚያ ደግሞ አቶ ማቴዎስ ቆመዋል።

"ጤና ይስጥልኝ" አለ ዋለ፣ ሰውየውን እንደተሸከመ።

"ዋለ፣ አንተን የማላይበት ቀን የለም?"

በኋላ ግን ሳቁን ትተው እንዲህ አሉ። "ስማኝ ልጄ። የጃጁራው ባለበቅሎ ነጋዴ ከነገ ወዲያ ሽማግሌ ይልካል። የሱ ሰዎች ወንዝ የለባቸውም፣ በደረቅ እግር ይደርሳሉ። ነገ አንተ የሌለህበት ሽማግሌ ከመጣ እሰማለሁ። ካልመጣ የሱን እሰማለሁ። ደጄን ሁልጊዜ መሳቂያ ላደርገው አልችልም።"

ያን ቀን ዋለ እህል አልቀመሰም። "ስንቱን ሰው አሻግሬ የራሴን ነገር ማሻገር አቃተኝ" አለኝ። አልሳቅኩም። ይገርማችኋል፣ እኔ አልሳቅኩም።

በማግስቱ ዋለ ራሱ የቃጫ ገመድ አምጥቶ "እሰሩኝ" አለ። "ማንም ቢሰምጥ ዘልዬ እገባለሁ፣ ራሴን አላምነውም።" እግሩን ወንዙ ዳር ካለው ሾላ ጋር አሰርነው። ሽማግሌዎቹ ውሃውን ያያሉ፣ ውሃው እነሱን ያያል። ጥላዬ እንኳ ታምሜያለሁ ብሎ ተኝቷል።

በዚህ መሐል ጵርስቅላ ቅቤዋን ተሸክማ ከሰፈራችን ወደ ቤቷ ስትመለስ ደረሰች።

"ደህና ዋላችሁ አባቶቼ? እዚህ ምን ትሠራላችሁ?"

"አየር እየተቀበልን ነው" አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ።

"በዝናብ?" ከዚያ ዋለን አየችው። "እሱስ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?"

"እንዳልሻገር ነው" አለ ዋለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ከዚያ አባቴ፣ የማይናገረው አባቴ፣ "ወደ አባትሽ ልንሄድ ነበር፣ አልቻልንም" አለ። በቃ፣ የዓመቱን ጨረሰ።

ጵርስቅላ ቅቤውን አወረደች። ሾላው ጋ ሄዳ ዋለ ፊት ቆመች።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ካገባኸኝ ታዝለኛለህ?"

ዋለ አሰበ። ግንባሩ ላይ ያለው የደም ሥር ሲንቀሳቀስ አየሁት። ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ማዘል ብቻ ነዋ!

"ካልሽኝ አዝልሻለሁ" አለ። "ካላልሽኝ... አብሬሽ እሄዳለሁ።"

"ከኋላዬ?"

"ከጎንሽ።"

ቅቤዋን መልሳ ራሷ ላይ አደረገች። ዞር ብላ "አባቶቼ፣ ጫማችሁን አውልቁ" አለች።

"ወዴት?" አሉ ጋሼ ሳህሉ።

"ድንጋዮቹ ጋ።"

"እዚያ ሰው ይሻገራል እንዴ?"

"እኔስ ሰው አይደለሁም?"

ለካ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ስንታዘል ኖረን፣ ወንዙ እዚያ ሰፋ ብሎ በሙላትም ከጭን እንደማያልፍ ሞክሮ ያወቀ አንድም ሰው የለም! እሷ ስትሻገር እያየን እንኳ ለእኛ የሚሆን አልመሰለንም። የዋለን ረጅም ዘንግ አስያዘቻቸው፤ እሷ ከፊት፣ ከዚያ ጋሼ ሳህሉ፣ ከዚያ አባቴ፣ ከዚያ አቶ ሰይፈሥላሴ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው። እኔ ከኋላ ኮታቸውን ያዝኩ።

"ኧረ ውሃው ቀዝቃዛ ነው!" ብለው ጮሁ አቶ ሰይፈሥላሴ። "ይህን ሁሉ ዘመን ቀዝቃዛ ነበር?"

"ጋሼ ሳህሉ፣ ግራ እግር! ግራ!" ይላል ዋለ ከሾላው ሥር፣ ገመዱን እየጎተተ።

"ዋለ፣ ዝም በል!" አለች ጵርስቅላ ሳትዞር።

ዝም አለ። ኮቱን ነከሰ።

ተሻገርን! ሰው ሁሉ ከዳር ሆኖ እልል አለ፣ አቶ ሰይፈሥላሴ እግራቸውን ደጋግመው እያዩ "የኔ ናቸው እኮ!" ይላሉ። አቶ ማቴዎስ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። የረጠበ ሱሪያችንን አዩ። እንሰቱን አዩ፣ ቅጠል ገልጠው ሳይቀር ዋለን ፈለጉ። የለም።

"ማን አሻገራችሁ?"

ጋሼ ሳህሉ ቀና አሉ። እንደዚያ ቀን እውነት ጣፍጧቸው አያውቅም። "ልጅዎ" አሉ።

አቶ ማቴዎስ ወደ ጵርስቅላ ዞሩ። ቀሚሷ ውሃ ያንጠባጥባል።

"እውነት ነው?"

"ሌላ የሚያሻግራቸው አጡ፣ አባባ። ተዪ ትለኝ ነበር?"

አቶ ማቴዎስ በሩን ተደግፈው ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸው ወረደ። "ልጄ ሽማግሌዎቿን ራሷ ጎትታ ካመጣቻቸው እኔ ምን ልመልስ? ግቡ! ግቡ፣ በብርድ እንዳትሞቱብኝ!"

ደስታ ሲሆን በእኛ ዘንድ ራስ ቅቤ ይቀባል። ጵርስቅላ ለገበያ ካለችው ቅቤ ቆርሳ ሦስቱንም ቀባቻቸው፤ ጋሼ ሳህሉ መላጣቸው እንደ መስታወት አበራ። በድንጋዮቹ ስንመለስ ዋለ ከሾላው ሥር ሆኖ መጀመሪያ ያየው ያንን ብርሃን ነው። ገባው። ብድግ ብሎ ወደ እኛ ሮጠ፣ ገመዱን ግን ረስቶታል፤ ጭቃው ላይ በግንባሩ ተደፋ! እዚያው እንደተኛ ይስቃል፣ ማዶ የቆመችው ጵርስቅላ ደግሞ ሳቋን መያዝ አቅቷት ቁጭ አለች።

መስቀል ካለፈ በኋላ ተጋቡ። ሙሽሮቹ ወንዙን በእግራቸው አለፉ፣ ጎን ለጎን፣ እኔ ሚዜው ግን ተንሸራትቼ ሙሉ ልብሴን ረጠብኩ። በእናንተስ አገር ሽማግሌ ሲላክ ነገሩ እንዲህ ተገለባብጦ ያውቃል? ኧረ በሞቴ ንገሩኝ፣ የእናንተዋ ሙሽራ ምን አደረገች?