ለቱርካዊቷ ልቦለድ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኛ ሐበሾች ዘንድ መጽሐፍ የሚመረቀው ሳይነበብ ነው። ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ የራሴን አስመርቄአለሁ። አዳራሽ ይያዛል፣ ሳምቡሳ ይታዘዛል፣ የመድረክ መሪው ሽፋኑን ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ከዚያ አምስት ሰው ተራ በተራ ተነሥቶ ስለ ራሱ ይናገራል። ደራሲው እጁ እስኪዝል ይፈርማል። ከወር በኋላ ያንኑ መጽሐፍ አንዱ መኪና የኋላ መስኮት ሥር ፀሐይ ሲያጠወልገው ታዩታላችሁ። ሦስተኛው ምረቃ ግን የሰው መጽሐፍ ነበር፤ እኔ ተርጓሚዋ ነበርኩ።

ደራሲዋ ቱርካዊት ናቸው። እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ፣ ልጃቸው በተከራየችላቸው አፓርታማ ይኖሩ ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሮ ሲያገግሙ እኔ ለሆም ኬር፣ ቤታቸው ሄጄ ላስታምማቸው፣ ተልኬ ነው የተዋወቅነው። የመጀመሪያው ቀን ኪኒናቸውን ሳቀርብላቸው ከቦርሳዬ ብቅ ያለውን መጽሐፍ አይተው "የማን ነው?" አሉኝ። "የእኔ" አልኳቸው። ኪኒናውን ረስተው ስንት ጊዜ እንዳረምኩት ይጠይቁኝ ጀመር።

እሳቸው አምስት ልቦለድ ጽፈዋል። ሠላሳ ዓመት ደግሞ ከእንግሊዝኛና ከፈረንሳይኛ ወደ ቱርክኛ ሲተረጉሙ ኖረዋል፤ ልቦለዱ አላበላ ሲል የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ ሳይቀር ተርጉመዋል። "ከሁሉም የምኮራው በእሱ ነው" ይሉ ነበር። "ማሽኗ ባሏን ይቅር እንድትል ማንም አልጠየቀኝም።" አንድ የአገራቸው ሐያሲ "የወንድ ብዕር አላት" ብሎ ያመሰገናቸውን የጋዜጣ ቁራጭ መጸዳጃ ቤታቸው ውስጥ ለጥፈውት ነበር፣ ተቀምጦ ለሚያነብ በሚመች ቁመት። ይህ ንቀታቸው አንጀቴን አራሰው። እኔም ንቀት አያንሰኝም፤ የሚጋራኝ ሰው ነበር ያጣሁት።

አንዱን ልቦለዳቸውን ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ወደ አማርኛ ልመልሰው አልኳቸው። ታሪኩ ቀላል ነው። የዳቦ ቤት ባለቤት ሚስት አንድ ማክሰኞ ሻንጣዋን ይዛ ከቤት ትወጣለች። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሌላ ሰውም አልወደደችም። መጽሐፉ ሲያልቅ አልተመለሰችም። እሳቸውም ፈቀዱ።

"አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ" አሉ፤ "ምንም አትጨምሪ፣ ምንም አትቀንሺ።"

ቃል ገባሁ።

ረቂቁን ለማኅበራችን የንባብ ኮሚቴ ሰጠሁ። ኮሚቴ የሚባሉት ሦስት ጡረተኞች ናቸው፤ በሁለት ወር አንድ መጽሐፍ ጀምረው በአራተኛው ምዕራፍ የሚጣሉ። ይህን ግን ሊቀመንበሩ እስከ መጨረሻው አንብበውት ኖሮ ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ ፊኒሽ አድርጌዋለሁ። ግን መጨረሻው ሪአሊስቲክ አይደለም። ሴት ከቤቷ ወጥታ አንድ ሽማግሌ እንኳ አይላክም? ቱርክ አገር ሰው የለም እንዴ?"

"ጋሼ፣ የደራሲዋ ሐሳብ እኮ ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት ትርጉም ነው።"

"ይሁን፤ አንባቢ ግን ይቀየምሻል። አዳራሹም አይሞላልሽም።"

ልቦለድ ውስጥ ላለ ጠብ ሽማግሌ የሚልክ ሕዝብ ከእኛ በቀር የት ይገኛል? ስቄ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያም ተቀምጬ ጻፍኩት። ሦስት ሽማግሌዎች የዳቦ ቤቷን ሴት እህቷ ሳሎን ድረስ ሄደው አስታረቋት፤ ስምንት አንቀጽ በአንድ ጠዋት ወጣልኝ። ከመጽሐፉ ሁሉ ሳልቸገር የጻፍኩት እሱን ብቻ ነው። ደራሲዋ አማርኛ አያነቡም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ምረቃው እሑድ ከሰዓት ነበር፤ አዳራሹም ሞላ። እሳቸውን ደግፌ አስገብቼ ከፊት ካለው ጠረጴዛ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። የመድረክ መሪው "የእነዚያ የምንወዳቸው ድራማዎች አገር ሰው" ብሎ አስተዋወቃቸው፤ ስለ ልቦለዳቸው አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተጨበጨበለት። አንዲት ሴት መጥታ ሰልፊ ተነሣችና ከድራማው ተዋናዮች አንዱን ያውቁት እንደሆነ ጠይቂልኝ ብላ ለመነችኝ። ጠየቅኩላት።

"ትናንት ደውሎ ስለ እሷ ጠይቆኛል በያት" አሉ፤ ፊታቸው ሳይፈታ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ የመጨረሻውን ምዕራፍ ሊያነቡ ተነሡ። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ሲገቡ አዳራሹ ጸጥ አለ። "አሳፍረሽ አትመልሺን" የሚለው ላይ ሲደርሱ ሴቶቹ ሶፍት እየተቀባበሉ ዓይናቸውን ይጠርጉ ጀመር። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ኮራሁ።

"ምንድን ነው የሚያነቡት?" አሉኝ እሳቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው።

"የመጨረሻውን ምዕራፍ።"

"እዚያ የሚያስለቅስ ነገር የለም። ሆን ብዬ ነው ያላስገባሁት።"

መጽሐፉን ከፊቴ አንሥተው ገለጡና በጣታቸው አንቀጾቹን መቁጠር ጀመሩ። ፊደሉን የማያውቁትን ትርጉም የሚያርሙት እንዲህ ነው ለካ።

"የእኔ አሥራ አንድ ነው፤ ይሄ አሥራ ዘጠኝ። ማን ገባ?"

"ሦስት ሽማግሌዎች።"

"ምን ፈልገው?"

"እንድትመለስ።"

"ተመለሰች?"

"ተመለሰች።"

ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ዞረው የሚያለቅሱትን ሴቶች አንድ በአንድ አዩ፤ ቀጥሎ እኔን።

"ይህን ያህል የሚያስለቅስ ነገር ከምናብ ብቻ አይመጣም" አሉ። "አንቺ ጋ በስንተኛው ቀን መጡ?"

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አርሊንግተን ካለው የባሌ ቤት ወጥቼ ሴቨን ኮርነርስ የምትኖረው እህቴ ዘንድ በገባሁ በአራተኛው ቀን፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተደርድረው ያንኑ ቃል ነው ያሉኝ። አላሳፈርኳቸውም።

"በአራተኛው" አልኳቸው።

"እሷን እኔ አስወጥቻት ነበር" አሉ መጽሐፉን እየዘጉ። "እሷን እንኳ ለምን መለስሻት?"

ሊቀመንበሩ አንብበው ጨርሰው ነበር። ከፊተኛው ረድፍ ቀድሞ የተነሣው ባሌ ነው፤ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።