የማይነቃነቅ ፊት

ምን አግብቶኝ ቲያትር ውስጥ እንደገባሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ነገሩ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሮተርዳም ከተማ፣ ዙይድ የሚባለው ሰፈር ነው። ሆላንድኛ የምማርበት የሰፈር አዳራሽ ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሰባሰቡ የቲያትር ወዳጆች ነበሩ። አንድ የድሮ የእንግሊዝ ኮሜዲ በሆላንድኛ ሊያሳዩ ሲነሱ የቤት ሠራተኛ ሆና የምትጫወት ሰው ጎደለቻቸው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወደቡ አካባቢ ቢሮ ሳጸዳ ውዬ ነው የምመጣው። ወይ ጉድ! ሠራተኛ ሆኜ ከዋልኩበት ወጥቼ ሠራተኛ ሆኜ ላመሽ! ቢሆንም እሺ አልኩ። ቤት ተቀምጦ ስለ እናቴ ከማሰብ ይሻላል።

እናቴ አዲስ አበባ በጠና ታማ ነበር። ወሬዋን የሚያደርሰኝ ዴን ሃግ ከተማ የሚኖረው ያክስቴ ልጅ ነው፤ ከአገር ስልክ የሚደወለው ለእሱ ነበርና። «እንዴት ናት?» እለዋለሁ። «ደህና ናቸው» ይለኛል። አገሬ ገብቼ እንደማልቀብራት አውቄዋለሁ። የቀረኝ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ቀኗ ሲደርስ በወጉ ላለቅስላት። እንባዬን እንኳ ማንም አይከለክለኝም እል ነበር።

አዘጋጁ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። በቲያትሩ ላይ ጌቶቹ ይጯጯሃሉ፣ ይወድቃሉ፣ ሾርባ ይደፋባቸዋል። እኔ ኮት ተቀብዬ እሰቅላለሁ፣ ውሃ ይዤ እቆማለሁ፤ ፊቴ ንቅንቅ አይልም። «ፊትሽ በደረቀ ቁጥር ሰው ይበልጥ ይስቃል» ይለኛል አዘጋጁ። መጀመሪያ ሳቄ እያመለጠኝ አስቸገርኩት። እሱም እያስቆመ እያስደገመ፣ የብርዱ ወራት እስኪያልፍ ድረስ ፊቴን አደረቀው። ሆድ ሲያር ጥርስ ይስቃል ይባል የለ? የኔን ጥርስ ሥራ አስፈታው።

እዚያ የማውቃቸውን አበሾች ኑልኝ ብዬ ለምኜ ነበር። «የፈረንጅ ቀልድ ማን ይሰማል!» ብለው ተሳለቁብኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ሲከፈት ግን ሁሉም የፊት ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ለሠርግ እንኳ አርፍዶ የሚመጣው ያክስቴ ልጅ አለ። እማማ የምንላቸው፣ አዲስ አበባ ኖረው አማርኛ የለመዱት ኤርትራዊት እናትም አሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የትም አይሄዱም። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ሆላንዶቹ በሳቅ ሲፈርሱ የእኛዎቹ ቲያትሩን አያዩም፤ የሚያዩት እኔን ነው። ዐይን ለዐይን ስንገጣጠም እማማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ያክስቴ ልጅ አንገቱን ደፋ። መርዶ ያለበት ሰው ድንገት ወዳጁ ይበዛል። እኔ ራሴ ስንቱን እንዲህ አጅቤያለሁ!

የጌታዬን ኮት እንደያዝኩ ቆምኩ። እናቴ ሞታለች አልኩ በሆዴ። ፊቴ ግን ንቅንቅ አላለም። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፣ አዘጋጁም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ «ጎበዝ!» አለኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። እንደ ወጉ ተሰብስበው፣ ጥቁር ለብሰው መጡ። ኮታቸውን እየተቀበልኩ ሰቀልኩ። እማማ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እጄን ይዘው ነገሩኝ።

«ካረፉ ሳምንታቸው ነው ልጄ። የቲያትሯን ቀን እንኳ ደስ ብሏት ትዋል ብለን ነው የደበቅንሽ።»

ሁሉም ልቅሶዬን ጠበቀ። እኔም ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም።

«አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ!» አሉኝ ሁሉም።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ለገዛ እናቴ ለማልቀስ ታገልኩ። ፊቴን በእጄ ዳበስኩት፤ እንደ ትናንቱ ደርቋል። ውስጤም እንደዚያው ነበር፣ ባዶ።

እማማ ትንሽ አዩኝና ደረታቸውን መቱ። እናቴን በዐይናቸው አይተዋት አያውቁም። «እናቴ! እናትዬ!» እያሉ በእኔ ፋንታ አለቀሱላት። እኔ ተነስቼ ውሃ ቀዳሁ፤ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ፣ እስኪጨርሱ ድረስ አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅኳቸው።