በሰኞ ገበያ የተሰማው ሸክላ

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከሸዋ ወደ መቐለ በጸሐፊነት የተዛወርኩት ገና ትዳር ሳልይዝ ነው። ከትግርኛ የማውቀው ሰላምታውን ብቻ ነበር። ጣሊያኖች ገበያው ዳር ባለች የድንጋይ ክፍል ውስጥ አንድ ራዲዮ፣ አንድ የሸክላ ማጫወቻ፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ሣጥን ሙሉ ሸክላ ትተው ሄደዋል። ደጁ ላይ ረጅም ግንድ ተተክሎ ጫፉ ላይ ድምፅ ማጉያ ታስሮበታል። ጣልያንኛ ትንሽ እሞካክር ስለነበር አለቃዬ ቁልፉን ሰጠኝና፣ «ሰኞ ሰኞ ገበያተኛውን አጫውት» አለኝ።

የአዲስ አበባው ራዲዮ ከተያዘልኝ እሱን እለቃለሁ፤ ካልተያዘልኝ፣ ብዙ ጊዜም አይያዝም፣ ሸክላ አጫውታለሁ። ከሰዓት በኋላ የከተማውን ማሲንቆ መቺዎች ተራ በተራ እያስገባሁ ማይክሮፎኑ ፊት አስቀምጣቸዋለሁ። አንደኛው ገና ሲገባ ለማይክሮፎኑ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳ ነበር። ሌላው ዓይኑን ካልጨፈነ አይዘፍንም፤ «ሰው በሌለበት ክፍል ለማን ልዝፈን?» ይለኛል።

ሕዝቡ ማጉያውን ቶሎ አልለመደውም። ዓመፅ ለማብረድ የተላኩ አውሮፕላኖች ከተማዋን የደበደቡት እኔ ከመምጣቴ ትንሽ ቀደም ብሎ ነበር። ማጉያው ሲከፈት መጀመሪያ እምም የሚል ድምፅ አለው፤ ያን ጊዜ ገበያው በሙሉ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ዘፈኑ እስኪጀመር ድረስ የሚገዛም የሚሸጥም የለም። እኔም በመስኮት ያን ሁሉ ቀና ያለ ፊት እያየሁ መርፌውን ሸክላው ላይ በጥድፊያ አስቀምጥ ነበር።

አንድ ሰኞ ከሣጥኑ ሥር ስም ያልተጻፈበት፣ ቁጥር ብቻ ያለበት ሸክላ አገኘሁ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ። ቀጥሎ በትግርኛ፣ «ክጅምር'ዶ?» አለ፤ ልጀምር ወይ? ማለቱ ነው። ከዚያ ማሲንቆው ገባ።

ዘፈኑ ሳያልቅ በሩ ተበረገደ። ጥቁር የለበሰች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ገባች፤ እጇ እስከ አንጓዋ በርበሬ ነበር። እኔን አላየችኝም። ክፍሉን ዞራ አየች፤ ጠረጴዛው ሥር አየች፤ የበሩን ጀርባ አየች።

«የት አለ?» አለችኝ በአማርኛ።

«ማን?»

«አሁን የሚዘፍነው! ባለቤቴ ነው!»

ሸክላውን በጣቴ አሳየኋት። «ድምፁ ነው እንጂ ሰውየው እዚህ የለም፣ እህቴ» አልኳት። የሚሽከረከረውን ነገር ጎንበስ ብላ አየችው። ዘፈኑ አልቆ መርፌው መፋቅ ሲጀምር ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

በኋላ ነገረችኝ። እሱ ማሲንቆ እየመታ፣ እሷ ከበሮ ይዛ እየተቀበለችው የዚያን አገር ሠርግ ሁሉ ሲያደምቁ ኖረዋል። ጣሊያን ወታደር አድርጎ ወደ ትሪፖሊ ላከው። ሞቷል የሚል ወሬ መጣ፤ ሬሳ ግን አልመጣም። ተዝካሩን አወጣች፣ ከበሮውን ሰቀለች፣ በርበሬ መሸጥ ጀመረች።

«መቼ ነው የዘፈነው?» ስትለኝ ሸክላውን አንስቼ ቁጥሩን አየሁ። ሞቷል ከተባለ በኋላ ቢሆንስ? እሷ አላለችውም፤ እኔም አላልኩትም። ሁለታችንም ግን ያንኑ ሸክላ አየነው።

ከዚያ ወዲያ ሰኞ ሰኞ ትመጣለች። በሩን ተደግፋ አንድ ጊዜ ትሰማና ወደ በርበሬዋ ትመለሳለች። መርፌ ከየትም አይገኝም ነበር፤ ያለውን በድንጋይ እየሳልኩ እጠቀማለሁ። የሰውየው ድምፅ በየሳምንቱ እየሻከረ ሄደ፤ በገዛ እጄ የማስረጀው መሰለኝ። በሌላው ቀን ቢሮ ተቀምጬ ደብዳቤ ስገለብጥ ያ ሳል ከኋላዬ ይሰማኛል። ዞር እላለሁ፤ ማንም የለም። አንድ ቀንማ «ጀምር!» ብዬ ጮክ ብዬ መልሼለት አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝ።

አስመራ የቀረ አንድ ሸክላ የሚቀዳ ጣሊያን መኖሩን ሰምቼ የሸክላውን ቁጥር ጻፍኩለት። ከሁለት ወር በኋላ መለሰልኝ። ሸክላው የተቀዳው ወታደሮቹ ምጽዋ ላይ መርከብ ከመሳፈራቸው በፊት በሰፈሩበት ቦታ ነው። ሞቱ ከተሰማ በኋላ አልነበረም፤ ተስፋ የሚሆን ነገር አልነበረበትም።

ደብዳቤውን ኪሴ ከተትኩና ሦስት ሰኞ ዝም አልኩ። አዝኜላት ነው ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ከነገርኳት አትመጣም ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ድምፅ ጋር ብቻዬን መቅረትን ፈራሁ።

በአራተኛው ሰኞ ነገርኳት። አላለቀሰችም።

«አውቄዋለሁ» አለች። «ሊሄድ ባለበት ሰሞን ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ያ ሳል የዚያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ቤቴ ገብቼ ሳስበው ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ትመጪ ነበር?»

«መቃብሩ የት ነው ሓወይ፣ ወንድሜ? ሌላ የት ልሂድ?»

ሦስት ሳምንት ደብዳቤውን እንደደበቅኩ ነገርኳት። እንዳልሰማች ሌላ ነገር ጀመረች። «ሲዘፍን ልብ ብለው ሰምተዋል? አንድ ስንኝ ይልና ይተወዋል፤ ማሲንቆው ብቻ ይሄዳል። እኔ የምቀበልበት ነው። እዚያ የወታደር ሰፈር ውስጥ ተቀባይ ሳይኖረው፣ ቦታዬን ትቶልኛል።» ፊቷን ወደ ማይክሮፎኑ መለሰች። «ልግባበት።»

በሚቀጥለው ሰኞ ከበሮዋን ይዛ መጣች። የማጫወቻውን ደወል የመሰለ አፍ ወደ ማይክሮፎኑ አስጠግቼ እሷን ከጎኑ አቆምኳት። ማጉያው እምም አለ፤ ገበያው ሰማዩን አየ። ሰውየው ሳለ።

«ክጅምር'ዶ?»

«ጀምር» አለችው።

ስንኙን ጨርሶ ሲተወው ገባች፤ ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፣ በሦስተኛው ስንኝ ግን ከበሮውም ድምፅዋም ክፍሉን ሞላው። አንድም ጊዜ አልቀደመችውም፤ አንድም ጊዜ አልዘገየችም። በመስኮት ስመለከት የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ቆመዋል። እልል ያለ የለም። የሚያውቁት ድምፁን አውቀውታል፤ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ዘፈኑ ካለቀ በኋላም ለብዙ ጊዜ የሚገዛም የሚሸጥም አልነበረም። ጨው የጫኑት ግመሎች ደወል ብቻ ይሰማ ነበር።

በማግሥቱ አንድ ቄስ አለቃዬ ዘንድ መጥተው ሙት ተጠራ ብለው ከሰሱኝ። አለቃዬ አልተቆጣም፤ «ያንን ሸክላ ሁለተኛ እንዳላይ» አለ ብቻ። ቀድሞውንም መልሼ የማጫውትበት ልብ አልነበረኝም።

እሷ ግን በሚቀጥለው ሰኞ ሁለት ሴቶች አስከትላ መጣችና ማይክሮፎኑ ፊት አቆመቻቸው። ስለ ሸክላው አልጠየቀችኝም። ሴቶቹን ታሰልፋለች፣ ትቆጣለች፣ ትስቃለች። በበዓለ ሃምሳ ሠርግ ይጠሯት ጀመር፤ በርበሬውን ለእህቷ ተወችላት።

ወደ ሌላ አገር ከመዛወሬ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በየመንገዱ አቧራ ሲነሳ ነው። ከአንድ የሠርግ ዳስ ፊት ነጭ ለብሳ፣ ላብ በግንባሯ እየወረደ ሴቶቹን ትመራለች። አየችኝ፤ ዘፈኑን ሳታቋርጥ በራሷ ሰላም አለችኝና ወደ ሙሽሮቹ ዞረች። ከአንድ የበለስ አጥር ሥር ቆሜ እስኪጨርሱ ሰማሁና ዕቃዬን ልሸክፍ ወደ ቤቴ ሄድኩ።